ኮሎኖስኮፒን የሸሸው አጎቴ፦ አንድ የደሴ ጉዳይ

አጎቴ 57 ዓመቱ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም። ደሴ ሰኞ ገበያ እህል ይነግዳል፣ ኩንታል ሲያነሱ እያየ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው አይደለም፣ ራሱም ይሸከማል። ሆዱን አሞት አያውቅም። ደም አይቶ አያውቅም። አልከሳም። ከቤተሰባችንም በአንጀት ካንሰር የታመመ ሰው አናውቅም። ይህን ሁሉ አስቀድሜ የምደረድረው ያለ ነገር አይደለም፤ ምንም የማይሰማው ሰው መሆኑ ነው የጉዳዩ ቁልፍ።

እኔ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። የት እንደሆነ ይቅር። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ሲደርስ እናገራለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ለቅሶ ቤት ነው። የአጎቴ የበርጫ ጓደኛ ሞተ። ሰውየው ከዓመት በላይ ከሰገራው ጋር ደም ያይ ነበር። «ኪንታሮት ነው» ተባለ። አንዱ የሚቀባ ሰጠው፣ ሌላው የሚጠጣ ሥር ሰጠው፣ መክሳት ሲጀምር ደግሞ «ጨጓራው ነው» ተባለ፤ ሆስፒታል የደረሰው አንጀቱ ተዘግቶ፣ ካንሰሩም ጉበቱ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው። ድንኳኑ ውስጥ አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ቀድሞ አይታወቅም እንዴ?» አለኝ።

ይታወቃል አልኩት። የትልቁ አንጀት ካንሰር ብዙውን ጊዜ ድንገት አይመጣም። መጀመሪያ ፖሊፕ የሚባል ትንሽ እባጭ ከአንጀቱ ግድግዳ ላይ እንደ እንጉዳይ ይበቅላል። አብዛኛው ፖሊፕ እንደዚያው ይቀራል፣ ጥቂቱ ግን በዓመታት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ፈጅቶ፣ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ያ ሁሉ ጊዜ የእኛ ነው። በኮሎኖስኮፒ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በመቀመጫ ገብቶ አንጀቱን ከዳር እስከ ዳር ያያል፣ ፖሊፑንም እዚያው ቆርጦ ያወጣዋል።

«በየት ነው የሚገባው ያልከው?»

ደገምኩለት።

«ሌላ የለውም?»

ይህ ጽሑፍ የቆመው በዚች ጥያቄ ላይ ነው። ሌላ አለው፣ ያውም ብዙ። ችግሩ አጎቴ (እኔም ጭምር) «ሌላ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ መጀመሪያ አልገባንም።

እድሜውን በተመለከተ ጥያቄ የለም። አሜሪካኖቹ ምንም ምልክት የሌለው ሰው ከ50 ዓመቱ ጀምሮ ይመርመር ይሉ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 45 ዝቅ አደረጉት። እኛ አገር ለማህፀን በር ካንሰር እንዳለው ዓይነት ሰው እየተጠራ የሚመረመርበት ነገር ለአንጀት የለም። ሰው ራሱ ካልጠየቀ ማንም አይጠራውም። አጎቴ ጠየቀ። ቀላሉን እንጀምር ብዬ ናሙና አምጣ አልኩት።

የመጣው አረፋ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። ናሙናውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ፌስታሉን በጋዜጣ፣ ጋዜጣውን በሌላ ጥቁር ፌስታል። ሲፈታው ሽንኩርት የሚልጥ ነበር የሚመስለው። «ሰው እንዳያይ» አለኝ፣ የሚያየው ሰው ባይኖርም።

በዚያን ቀን እጄ ላይ የነበረው የድሮው ዓይነት ነው፣ ጓያክ የሚሉት። ከአንድ ዛፍ ሙጫ የተሠራ ነገር ያለበት ወረቀት ላይ ሰገራው በስሱ ይቀባል፣ ከዚያ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጠብ ይደረግበታል። በዓይን የማይታይ ደም ካለ ወረቀቱ ሰማያዊ ይሆናል። እንዲህ በቀላሉ አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው የሚኒሶታ ጥናት በየዓመቱ በዚህ ወረቀት የተመረመሩ ሰዎች በአንጀት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በአንድ ሦስተኛ እንደቀነሰ አሳይቷል፣ ከ46 ሺህ በላይ ሰው የተሳተፈበት ጥናት ነው።

የአጎቴ ወረቀት ሰማያዊ ሆነ። ወዲያው፣ እንደ ቀለም።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ በትከሻዬ በኩል አየችና «ምን በልቶ ነው?» አለች። አረፋ ነው እኮ! በሬ ታርዷል፣ ሰውየው ሦስት ቀን ሙሉ ጥሬ ሥጋ በአዋዜ ሲበላ ነው የከረመው። ጓያክ ደግሞ የሰው ደም ይሁን የበሬ ደም አይለይም። ለዚህ ምርመራ ሰው ቢያንስ ሦስት ቀን ቀይ ሥጋ መተው አለበት፣ ቫይታሚን ሲም መቀነስ አለበት (እሱ ደግሞ በተቃራኒው ደም እያለ የለም ያሰኛል)፣ ናሙናውም ከአንድ ቀን ሳይሆን ከሦስት የተለያዩ ቀናት ነው የሚወሰደው። እኔ ምኑንም አልጠየቅሁም። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይሄ ነው።

አጎቴ ግን ደስ አለው። «ሥጋው ነዋ! አልሐምዱሊላህ።»

አዲሱን ዓይነት ካሴት አስመጣሁ። «ፊት» ይሉታል፣ ሥራው ከኋላ ቢሆንም። የወባ ወይም የእርግዝና ምርመራ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ያው ነው፣ አንድ መስመር ከሆነ የለም፣ ሁለት ከሆነ አለ። ውስጡ የሰውን ሄሞግሎቢን (ደምን ቀይ የሚያደርገውን ነገር) ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ ስላለ የበሬው ሥጋ አያሳስተውም። ምግብ መምረጥ የለም። አንድ ናሙና ይበቃዋል። ከጨጓራ የሚመጣ ደም ደግሞ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ስለሚያልፍ ብዙም አያየውም፣ ስለዚህ ካሴቱ ደም አለ ሲል ባብዛኛው የሚያወራው ስለ ታችኛው ቤት ነው።

እግረ መንገዴን፣ «ሰገራ ተመርምሬ ነጻ ነህ ተብያለሁ» የሚል ሰው በየቀኑ ይገጥመኛል። ያ በማይክሮስኮፕ አሜባና ጃርዲያ፣ የሆድ ትል የሚፈለግበት ነው። ሌላው ደግሞ የኤች ፓይሎሪ ነው፣ የጨጓራ ባክቴሪያ። ሁለቱም የተደበቀ ደም አይፈልጉም። ሐኪሙ ለይቶ ካላዘዘው ወይም እናንተ ለይታችሁ ካልጠየቃችሁ አይሠራም።

ሁለት ሳምንት ቆይተን ካሴቱን ሠራን። ጠብታዎቹ ሲሄዱ አጎቴ ቆሞ ያያል። መጀመሪያ ላይኛው መስመር ወጣ። «አንድ ነው» አለ ፈጠን ብሎ። ቆየ ቆየና ሁለተኛው መጣ፣ ደብዘዝ ያለ፣ ሮዝ። መብራቱ ስር ወስጄ አየሁት። አለ። ደብዛዛም ቢሆን መስመር መስመር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው አንድ ወር የሰበብ ወር ነው። መጀመሪያ ኪንታሮት ነው ተባለ። ቀጥሎ ለጉልበቱ የሚውጠው ዲክሎፌናክ ነው ተባለ። ከዚያ አንዱ የልጅነት ጓደኛው «አንተ ያደግኸው ሐይቅ ዳር ነው፣ ስትዋኝ ነው የኖርከው፣ ቢልሃርዚያ ነው» አለው፤ ይሄኛው እንኳ ሞኝነት አይደለም፣ ቢልሃርዚያ አንጀት ያደማል፣ እኛ አካባቢም አለ። ፈለግን፣ አልተገኘም።

ከዚያ ለእኔ ሳይነግረኝ ኮምቦልቻ ወርዶ አስደገመው። ነጋቲቭ።

ወረቀቱን እንደ ዲፕሎማ ይዞ መጣ። ቤት ቡና ተፈላ፣ በረካው ላይ ምርቃት ወረደ፣ እናቴ አለቀሰች። ምን ብዬ ልናገር? ዝም አልኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ዝም አልኩ። ሁለተኛው ጥፋቴ ይሄ ነው፣ ከመጀመሪያውም ይብሳል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው አለማሰብ ነበር፣ ይሄኛው እያወቁ ነው።

ምን እያወቅሁ? ፖሊፕ በየቀኑ አይደማም። ዛሬ ደምቶ ነገ ላይደማ ይችላል። ካሴቱም ሁሉን አይዝም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 10 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተሠርቶ በታተመ ትልቅ ጥናት አንድ ጊዜ የተሠራ ፊት ከአራት ካንሰሮች ሦስቱን ያህል ሲይዝ፣ ካንሰር ያልሆኑትን ግን አደገኛ የሚባሉትን ፖሊፖች አንድ አራተኛውን ብቻ ነው የያዘው። በየዓመቱ ድገሙት የሚባለው ለዚህ ነው፣ ዘንድሮ ያመለጠው ለከርሞ ይያዛል ተብሎ። ይህ የሚሠራው ግን ነጋቲቭ ለሆነ ሰው ነው። ፖዘቲቭ የሆነ ሰው እስኪጠፋለት ድረስ አይደግምም። አጎቴ ደግሞ በኋላ ሳጣራ ናሙናውን ከደሴ ነው ይዞት የወረደው፣ በሚኒባስ፣ ኪሱ ውስጥ፣ እዚያም ወረፋ ጠብቆ። ሙቀት ሄሞግሎቢኑን ያበላሸዋል። ኮምቦልቻ ደግሞ እንደ ደሴ ቀዝቃዛ አይደለችም።

በመጨረሻ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ሐኪሙ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠና «አባባ፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሲጠየቅ አንዴ አየሁ፣ አንዴ አላየሁም ቢል፣ ያየው የት ይጠፋል?» አለው። አጎቴ መልስ አልነበረውም። ኮሎኖስኮፒ ታዘዘለት።

አሁን እውነተኛው ፍለጋ ተጀመረ። የቤተሰቡ ጉባኤ ተሰበሰበ፣ ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ ስልክ ላይ።

የአጎቴ ልጅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። የድምፅ መልእክት በላይ በላዩ ላከች። እዚያ ኮሎጋርድ የሚባል አለ፣ ሣጥን በፖስታ ቤትህ ይመጣል፣ ሰገራህን ታስቀምጥና መልሰህ ትልካለህ፣ ከደሙ ሌላ የተበላሸ ዲኤንኤ ይፈልጋል። እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የተፈቀደ ነው፣ ከላይ በጠቀስኩት ጥናት ከካንሰሮቹ 92 በመቶውን ይዟል፣ ፊት 74 ሲይዝ። ነገር ግን ጤነኛውንም ሰው በሐሰት የመክሰስ ልማድ አለው፣ ከፊት ይልቅ። ከሁሉ በላይ፣ እሱም ፖዘቲቭ ካለ የሚልክህ ወደ ኮሎኖስኮፒ ነው። ሣጥኑ አትላንቲክን ተሻግሮ አጎቴን ተመልሶ እዚያው ወንበር ላይ ሊያስቀምጠው።

«እሺ፣ የደም ምርመራስ?» አለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ሺልድ የሚባል የደም ምርመራ ተፈቅዷል። ክንድ ዘርግቶ መገላገል፣ ማን ይጠላል? ካንሰር ከሆነ 83 በመቶውን ይይዛል። አደገኛ ፖሊፕ ከሆነ ግን 13 በመቶ ብቻ። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለውን ነው። በእኔ አስተያየት ይሄኛው ሌላ ምንም አላደርግም ብሎ ለማለ ሰው ነው፣ ካለመመርመር ይሻላልና።

አማቹ ሹፌር ነው፣ ሲቲ ስካን አይሆንም ወይ አለ። ይሆናል፣ አንጀቱን በአየር ነፍተው የሚያነሱት ልዩ ሲቲ አለ፣ ከ10 ሚሊሜትር የሚበልጠውን ፖሊፕ ደህና አድርጎ ያያል። አየሩ በየት በኩል እንደሚነፋ ስነግረው አጎቴ አማቹን በክፉ ዓይን አየው። አንጀት ማጽዳቱም አይቀርም፣ ተገኘ ቢባልም ሲቲ አይቆርጥም።

ከዚያ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ የሚዋጥ ካሜራ እንዳለ ሰምቶ ነበር። አጎቴ ቀና አለ። «በአፍ ከሆነ እኔ ችግር የለብኝም!» ካፕሱሉ አለ፣ እንደ እንክብል ይዋጣል፣ ሲያልፍ ፎቶ ያነሳል። ግን ለሱ የሚደረገው ማጽጃ ከኮሎኖስኮፒው አያንስም፣ እንዲያውም ይበዛል። እሱም መቁረጫ የለውም።

አንድ የቀረ ነበር፣ ሲግሞይዶስኮፒ፣ አጭሩ ቱቦ። የአንጀቱን የግራውን ክፍል ብቻ ያያል፣ ዝግጅቱ ቀላል ነው። እንግሊዞች 170 ሺህ ሰው ይዘው ሞክረውት፣ እድሜያቸው ከ55 እስከ 64 ለሆኑ ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ እንዲደረግ ጋብዘው፣ በአንጀት ካንሰር የሚሞተው በ31 በመቶ ቀንሷል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው የወጣው። ገና ምንም ላልተመረመረ ሰው ጥሩ አማራጭ ነው። ደም አለብህ ለተባለ ሰው ግን ግማሹን ቤት ፈትሾ ሌባ የለም ማለት ነው።

ያን ቀን ማታ ነው ለአጎቴም ለራሴም የገባን። እነዚህ ሁሉ «ሌላ» የሚሆኑት በመነሻው ላይ ነው። ምንም የማይሰማው ሰው በየትኛው በር ልግባ ብሎ ሲመርጥ። ስፔኖች ይህን በደንብ ፈትነውታል፤ ለአንዱ ወገን ኮሎኖስኮፒ፣ ለሌላው በየሁለት ዓመቱ ፊት አቀረቡ፣ ከ10 ዓመት በኋላ በአንጀት ካንሰር የሞተው ሰው ቁጥር ተመሳሳይ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ነው የታተመው። አንዱ ምክንያት ካሴቱን እሺ የሚለው ሰው ስለሚበዛ ነው። ነገር ግን እዚያም ፖዘቲቭ የሆነው ሰው ወደ ኮሎኖስኮፒ ተልኳል። ካሴቱ የሚሠራው ወንፊቱን ነው፣ ወንፊቱ ላይ የቀረውን እህል ማንሳት የሌላ እጅ ሥራ ነው። (ለእህል ነጋዴ እንዲህ ነበር ያስረዳሁት፣ ሠርቷል።) ጓደኛው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደም በዓይኑ እያየ ለነበረ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም ወንፊት አያስፈልገውም ነበር። ቀጥታ ኮሎኖስኮፒ ነው።

«እሺ» አለ አጎቴ። «ግን ክረምቱ ይለፍ።»

ክረምቱ አለፈ። እኔ ስቆጥር ነበር። የካሊፎርኒያ አንድ ትልቅ ጥናት ከፖዘቲቭ ፊት በኋላ 10 ወርና ከዚያ በላይ የዘገዩት ላይ ካንሰር፣ ያውም የገፋ፣ የመገኘት ዕድሉ እንደጨመረ አሳይቷል። ጥቅምት ላይ ሄድን፣ አራተኛ ወራችን ነበር። 400 ኪሎ ሜትር፣ በከሚሴ፣ በሸዋሮቢት፣ በጣርማ በር ዋሻ አድርገን አዲስ አበባ።

ስለ ኮሎኖስኮፒ የሚወራው ሁሉ ስለ ቱቦው ነው። ስለ ማታው ማንም አይነግርህም። ያረፍንበት ዘመድ ቤት መጸዳጃው አንድ ነው። አጎቴ ቀኑን ሙሉ አጥሚት እንኳ ሳይሆን ውኃ፣ ስኳር ሻይና የተጠለለ መረቅ ብቻ ወስዶ፣ ማታ ያንን የሚያስቀምጥ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ በጆግ ቀረበለት። የመጀመሪያውን ብርጭቆ «ቢስሚላህ» ብሎ ጠጣ። አራተኛው ላይ «ይሄ የባሕር ውኃ ነው» አለ። ከዚያ መሮጥ ጀመረ። የቤቱ ልጆች በር ላይ ተሰልፈው ይጠብቁታል፣ ሲወጣ እየሳቁ ይገባሉ፣ ሳይጨርሱ ያንኳኳባቸዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጠራኝና «ና እይ፣ ጠራ» አለኝ። አየሁ። እንደ ቢጫ ሻይ ጥርት ብሏል። መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው፣ ደፍርሶ ከሆነ ሐኪሙ አያይም፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ቱቦው? እሱን አያስታውሰውም። የሚያደነዝዝ መርፌ ተወጋ፣ ነቃ፣ «መቼ ነው የምትጀምሩት?» አለ።

ያገኙት አንድ ፖሊፕ ነው፣ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል፣ ግንድ ያለው፣ የግራው ጥምዝ ላይ። በሽቦ ማነቆ አንቀው በኤሌክትሪክ ቆርጠው አወጡት። ልብ ያለው አንባቢ «አጭሩ ቱቦም ይደርስበት ነበር» ይላል። አዎ፣ ይደርስበት ነበር። እሱን ያወቅነው ግን ካየነው በኋላ ነው።

የፓቶሎጂው (የተቆረጠው ፖሊፕ በማይክሮስኮፕ የታየበት) ውጤት ከሳምንታት በኋላ መጣ። ካንሰር አይደለም። ግን ሴሎቹ ከፍ ወዳለ ደረጃ መለወጥ ጀምረዋል፣ ከካንሰር በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ደረጃ ላይ ነበር። ከሥሩ ወጥቷል። በሦስት ዓመት ተመልሰህ ና ተባለ።

ከዚህ በኋላ ያልጠበቅነው መጣ። ሐኪሙ ስለ ልጆቹና ስለ እህት ወንድሞቹ ጠየቀ። እንዲህ ያለ የገፋ ፖሊፕ ከ60 ዓመቱ በፊት የተገኘበት ሰው ካለ፣ የቅርብ ሥጋ ዘመዶቹ ከ40 ዓመታቸው ጀምሮ፣ ወይም እሱ ከተገኘበት እድሜ 10 ዓመት ቀድመው፣ የቱም ቢቀድም፣ ቀጥታ ኮሎኖስኮፒ እንዲያደርጉ ነው የሚመከረው። ሣጥኑ ለነሱ አይደለም፣ እሱ ተራ ስጋት ላለው ሰው የተሠራ ነው።

የቨርጂኒያዋ ልጁ 38 ዓመቷ ነው። ራሱ ደወለላት። «ያን ሣጥን ተይው» አላት። «ሁለት ዓመት አለሽ። ቱቦው እንቅልፍ ነው፣ የሚከብደው ውኃው ነው፣ አብሽሪ።»

እናቴ ግን እህቱ ናት፣ 63 ዓመቷ፣ እና እምቢ አለች። ለምነናት፣ አጎቴም ራሱ መጥቶ ለምኗት፣ እምቢ። ኮሎኖስኮፒን አልፈልግም ላለ እንዲህ ያለ ሰው በየዓመቱ ፊት ማድረግ ነው የሚቀረው፣ ሐኪሙም እሱኑ ነው ያለው። ካሴቱ ሁለት መስመር ካሳየ ግን ያለ ክርክር እንድትሄድ አስምያታለሁ።

ባለፈው ሰኞ ናሙናዋን ይዛ ላብራቶሪ መጣች። ፌስታል፣ ጋዜጣ፣ ፌስታል።

«ሦስት ቀን ሥጋ አልቀመስኩም» አለችኝ።

«እማ፣ ለዚህኛው እኮ ሥጋ ችግር የለውም፣ ስንቴ ልንገርሽ?»

«ቢሆንም» አለች።